«ባሌ የአውቶቡስ መሪውን ትቶ መርከብ ላይ ልግባ አለኝ»

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፤

የምኖረው ፊንላንድ ነው፣ ከሄልሲንኪ ወጣ ብላ ባለች ከተማ። 34 ዓመቴ ነው። ባለትዳር ነኝ። ትልቁ ልጃችን 6 ዓመቱ ነው፤ ትንሿ 3 ሞልቷታል። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በረዳት ነርስነት እሠራለሁ። ሥራዬ ፈረቃ ነው። ማታም አለ፣ ቅዳሜና እሁድም አለ። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አዳማ እያለን ጎበዝ መካኒክ ነበር። እዚህ ሲመጣ በሙያው ሥራ ማግኘት ስላቃተው መንጃ ፈቃድ አውጥቶ አውቶቡስ ያዘ። ደመወዙ መጥፎ አይደለም። ቤታችን የሚቆመው በሁለታችን ገቢ ነው።

አምና በሰመር ልጆቹን ይዘን በመርከብ ወደ ኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ሄድን። እዚያ ላይ ከአንድ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ጋር ሲያወራ ቆየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀልቡ መርከብ ላይ ነው። ከሥራ መጥቶ የመርከብ ሞተር ቪዲዮ ሲያይ ያመሻል። አሁን ደግሞ «ኮትካ ሄጄ የመርከብ ሞተር ልማር» ብሎ ቆርጧል። በዚህ መስከረም ሥራውን ሊለቅ ያስባል። በዚያ ላይ ፌስቡክ ላይ የተዋወቀው አንድ ሰው «ትምህርት ምን ያደርግልሃል? 2,500 ዩሮ ክፈለኝና የዘጠኝ ወር ኮንትራት ያለው መርከብ ላይ አስገባሃለሁ» ብሎታል። እሱንም ነገር ጨርሶ አልተወውም።

እኔ ባሕር እፈራለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ኤስቶኒያ» የምትባለው መርከብ የሰጠመች ሌሊት የት እንደነበሩ እስከ ዛሬ ያወራሉ። ግን የሚያስፈራኝ እሱ ብቻ አይደለም። ባሌ ሳምንት ሙሉ በሌለበት እኔ የሌሊት ተረኛ ብሆን ልጆቹ ጋር ማን ያድርልኛል? እዚህ እናት የለኝ፣ እህት የለኝ። ሐበሾቹም ጥቂት ነን። ሁለት እሁድ ብቻዬን ቤተ ክርስቲያን ብታይ «ተፋቱ» ይባላል። መርከቡ ላይ ያለውንም አይተናል፤ መጠጡን፣ ጭፈራውን። አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር፣ በኋላም የጂቡቲ። ቤት ሲመጣ እንግዳ የመጣ ነበር የሚመስለን። እኔም ብሆን ነርስነት መማር ፈልጌ «ልጆቹ ትንሽ ይደጉ» ብዬ ነው ያቆየሁት።

እምቢ ብለው ምኞቱን የቀማሁት እኔ እሆናለሁ። እሺ ብለው ልጆቹን ብቻዬን ላሳድግ ነው። እሱ «አንቺ ካልሽ እተወዋለሁ» ይለኛል። ይሄ ደግሞ ይብስብኛል። ምን ላድርግ?

መ. ነኝ፣ ከደቡብ ፊንላንድ

*

ውድ እህቴ መ.፣

«አንቺ ካልሽ እተወዋለሁ» የሚለው ለምን እንደሚብስብሽ ይገባኛል። ሲሰሙት ደግ ንግግር ነው። ግን ውሳኔውን ጠቅልሎ አንቺ ላይ ይጭነዋል። ቢተወው ያስተውሽው አንቺ ነሽ። ቢሄድና ቤቱ ቢናጋም የፈቀድሽው አንቺ ነሽ። እሱ ይህን አስቦ ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም ራሱ ፈርቶ ይሆናል። ብቻ ለጊዜው እሺም እምቢም አትበይው። ገና መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ አልቀረበልሽም።

«መርከብ ላይ ልሥራ» በጣም ሰፊ ነገር ነው። በሳምንቱ ቤቱ የሚገባ ባልም፣ ዘጠኝ ወር የማይታይ ባልም እኩል «መርከብ ላይ ነው» ይባላሉ። እናንተን የሚያኖረው ወይም የሚያናጋው ባሕሩ ራሱ ሳይሆን ተራው ይመስለኛል፦ ስንት ሌሊት ውጭ፣ ስንት ሌሊት ቤት? በየትኛው መርከብ? በየትኛው ሀገር ባንዲራ? ባለቤትሽ ይህን አጣርቶ ይዞልሽ ይምጣ። የቤት ሥራው የእሱ ነው።

እስከዚያው እኔ የማውቀውን ላካፍልሽ።

በመጀመሪያ፣ ባለቤትሽ የጠፋ ሥራ እያሳደደ አይደለም። ፊንላንድ በካርታ ላይ ከአህጉሩ ጋር የተያያዘች ብትመስልም ኑሮዋ የደሴት ነው። ከውጭ ንግዷ በክብደት ሲታይ ከአሥር እጅ ዘጠኝ እጅ ያህሉ የሚመላለሰው በባሕር ነው። ወረቀቱ፣ እንጨቱ፣ ብረቱ በዚያ ይወጣል፤ ነዳጁ፣ መኪናው፣ ሙዙ በዚያ ይገባል። ቡናውም ሄልሲንኪ ያለው ቩኦሳሪ ወደብ ላይ ነው የሚራገፈው፤ ፊንላንዶች ያለ ቡና ምን እንደሚሆኑ መጦሪያው ውስጥ ሳታዪ አትቀሪም። የምሥራቁ የሩሲያ ድንበር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለመንገደኛ ዝግ ነው። ስለዚህ መርከብ የሚነዳ፣ ሞተሩን የሚጠብቅ ሰው እዚያ ሀገር ሁልጊዜ ይፈለጋል። መካኒክ የነበረ ሰው ወደ ሞተር ክፍል ቢያይ ቅዠት ነው አልልም። ሰባት ዓይነት መኪና ፈትቶ የገጠመ እጅ መሪ ብቻ ሲይዝ መኖሩ ምን እንደሚመስል ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? «ለምን መርከብ?» ብለሽ ሳይሆን «አውቶቡሱ ላይ ምን ጎደለህ?» ብለሽ። ምናልባት መልሱ ከባሕር ጋር ምንም ላይገናኝ ይችላል። ከባድ መኪና የሚጠግን ጋራዥ ቢያገኝ የሚረካ ከሆነ ይህን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው?

አሁን ወደ ተራው እንምጣ። በፊንላንድ ባንዲራ በሚሄዱ ብዙ መርከቦች ላይ ሥራና እረፍት አንድ ለአንድ ነው። ሳምንት መርከብ ላይ ሠርቶ ሳምንት ቤት፣ ወይም ሁለት በሁለት። የእረፍቱ ሳምንትም ደመወዙ ውስጥ ያለ ነው። ወደ ስቶክሆልም የሚሄዱት ትልልቆቹ የመንገደኛ መርከቦች በአብዛኛው በዚህ ዓይነት ይሠራሉ። የታሊኑን መስመር በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከሄልሲንኪ ታሊን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ። ቅርብ ስለሆነ ማታ ማታ ቤቱ የሚገባ ይመስላል። ሠራተኛው ግን ተራው እስኪያልቅ ብዙውን ጊዜ እዚያው ካቢኑ ውስጥ ያድራል። ደግሞም ከመርከቦቹ ከፊሎቹ የኢስቶኒያ ባንዲራ ያውለበልባሉ። በመርከብ ሥራ ባንዲራ ጌጥ አይደለም። ውሉ፣ እረፍቱ፣ ጡረታው በየትኛው ሀገር ሕግ እንደሚሄድ በአብዛኛው የሚወስነው እሱ ነው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ለመርከበኞች ብቻ የቆመ የጡረታ ፈንድ አላት። እዚያ ውስጥ መግባትና አለመግባት ለሁለት ልጆች አባት ቀላል ልዩነት አይደለም።

የጭነት መርከቦቹ ተራ ረዘም ይላል። ወደ ጀርመን፣ ወደ ቤልጂየም የሚመላለሱት ላይ ሳምንታት ወጥቶ ሳምንታት መግባት አለ። በሰመር ሄልሲንኪ ካታያኖካ ላይ ተደርድረው ያያችኋቸው ወፋፍራም መርከቦች ደግሞ በረዶ ሰባሪዎቹ ናቸው። የቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ክፍል በየዓመቱ በብርዱ ወራት ይጋገራል፤ ኬሚና ኦውሉ ወደቦች ክፍት የሚቆዩት በእነሱ ጉልበት ነው። ሥራው ለሙያ ያማረ ነው ይባላል። ግን በረዶው የመርከቡን ሆድ ሌሊቱን ሙሉ ሲፍቅ እየሰማ የሚተኛ ሰው ነው የሚፈልገው፤ ያውም ገናና ጥምቀት የሚውሉት በዚያው በብርዱ ወራት ነው።

ሰው የሚረሳው ምርጫም አለ። በቱርኩ ደሴቶች መካከል የሚመላለሱትን ቢጫ ፌሪዎች አይተሻቸው ይሆናል። እነሱ የመንገዱ አካል ስለሆኑ ተሳፋሪ አይከፍልባቸውም። እነዚያም ሞተር አላቸው፣ ባለሙያ ይፈልጋሉ። ወደብ ውስጥ የሚሠሩ ጎታች ጀልባዎች አሉ። የመርከብ ጥገና ቦታዎች አሉ። የመርከብ ሞተር የተማረ ሰው ዕድሜ ልኩን ባሕር ላይ መኖር ግዴታው አይደለም። ብዙዎች ጥቂት ዓመታት ባሕር ላይ ቆይተው ወደ የብስ ሥራ ይመለሳሉ። ይህን ባለቤትሽ አስቦበት እንደሆነ ጠይቂው።

ስለዚያ ፌስቡክ ላይ ስላለው ሰው ብዙ አልጽፍም። ደላላ ነው፤ በሩን ዝጉበት። እ.ኤ.አ. የ2006 ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት መርከበኛን ለማስቀጠር ከራሱ ከመርከበኛው ገንዘብ መቀበልን ይከለክላል። ሠራተኛው ሊከፍል የሚችለው ለጤና ምርመራ ወረቀቱ፣ ለመርከበኛ ደብተሩ፣ ለፓስፖርቱና ለመሳሰሉት ብቻ ነው። ደግሞስ የደኅንነት ሥልጠና እንኳ ያልወሰደን ሰው ሞተር ክፍል የሚያስገባ ምን ዓይነት መርከብ ነው? ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ ምግብና ነዳጅ ሳይቀርብላቸው ሰው ሀገር ወደብ ላይ የተጣሉ መርከበኞች በየዓመቱ ይመዘገባሉ። ዘጠኝ ወር ራሱ በዓለም ንግድ መርከቦች ላይ የተለመደ ነው። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ባለው የመርከበኞች ማሠልጠኛ ሠልጥነው የወጡ ወንድሞቻችንም ረጅም ኮንትራት ይሠራሉ። እነሱ ግን ትምህርቱንና የብቃት ወረቀቱን ይዘው ነው የሄዱት። የ3 ዓመት ልጅ ያለው፣ ሥራ ያለው፣ ነፃ ትምህርት ደጁ ላይ የሆነለት ሰው በብር ገዝቶ የሚገባበት ነገር አይደለም።

«ኤስቶኒያን» በተመለከተ አትፍሪ ብዬ አላሾፍብሽም። መርከቧ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 1994 ሌሊት ከታሊን ወደ ስቶክሆልም ስትሄድ ሰጠመች። 852 ሰው አለቀ፤ የተረፉት 137 ናቸው። ማዕበሉ የፊት ለፊቱን ከፍ የሚል በር ገንጥሎት ውኃ ወደ መኪናው ወለል ገባ። ባልደረቦችሽ ያን ሌሊት ባይረሱት አይገርምም። ከዚያ በኋላ በሰሜን አውሮፓ መኪና በሚጭኑ መርከቦች ላይ የበሩም የሚዛኑም ደንብ ጠብቋል። ያ ሁሉ ሆኖ ባሕር ባሕር ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ በሞተር ክፍል ሠራተኛ ላይ ቀን ከቀን የሚደርሰው አደጋ መስጠም አይደለም። የተቃጠለ እጅ ነው፤ ከደረጃ መንሸራተት ነው፤ በጩኸት የደከመ ጆሮ ነው፤ ከሁሉም በላይ ድካም ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ 77 ሰዓት እረፍት ይላል። መጠየቅ ያለበት ይህ በዚያ መርከብ ላይ ይከበራል ወይ የሚለው ነው። አንቺ የፈረቃ ሠራተኛ ስለሆንሽ የእንቅልፍ እጦት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

መጠጡንና ጭፈራውንም አንስተሻል። ያያችሁት የመንገደኛውን ፎቅ ነው። የሞተር ክፍል ሰው የሚውለው ከመኪናዎቹ ወለል በታች ነው፤ ካቢኑም ከተሳፋሪው የተለየ ነው። ተረኛ ሠራተኛ ደግሞ ጠጥቶ ከተገኘ እንጀራው አደጋ ላይ ነው። ይህን ስልሽ ግን ጥያቄሽን የመለስኩልሽ አይመስለኝም። ባልሽን ታምኚዋለሽ? ካመንሽው መርከቡ አይለውጠውም። ካላመንሽው ደግሞ አውቶቡሱም አይጠብቅልሽም። እዚህ ላይ የሚከነክንሽ ነገር ካለ መርከብ ከሚሉት ነገር ለይተሽ አውሪው።

ስለ አባትሽ የጻፍሽው ሁለት መስመር ነው። እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ እዚያ ላይ ነው የቆምኩት። የአሰብ መንገድ ሹፌር ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። እናት ከበሩ ድምፅ ጋር ልቧ ይሄዳል። አባት ስጦታ ይዞ ይገባል፤ ልጆቹ ስጦታውን ይወዱታል፣ እሱን ግን ያፍሩታል። መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። መቼ እንደሚሄድም አይታወቅም። ስልክ የለም። ባለቤትሽ «መርከብ» ባለ ቁጥር አንቺ የምታዪው የአባትሽን ተሳቢ ይሆን እንዴ? ከሆነ ስህተት የለበትም፤ ያየሽውን ነው የፈራሽው። ግን ለባልሽ ነግረሽዋል? እንደገመትኩት ከሆነ እሱ እስካሁን የሚሟገተው ከባሕር ፍርሃትሽ ጋር ነው። አንቺ የምትፈሪው ልጆችሽ አባታቸውን እንደ እንግዳ እንዳያዩት ከሆነ ክርክራችሁ ሁሉ ሌላ መልክ ይይዛል። ደግሞ አንድ ልዩነት አለ። አባትሽ የመመለሻ ቀን አልነበረውም። አንድ ለአንድ የሚሠራ መርከበኛ የሚመለስበት ቀን ቀድሞ ይታወቃል፤ የ6 ዓመት ልጅ ቀን መቁጠሪያ ላይ ሊያከብበው ይችላል።

ይህን ስል ቀላል አስመስዬ እንዳላታልልሽ። የመርከበኛ ሚስቶች ከመሄዱ ይልቅ መመለሱ ይከብዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። አንቺ ሳምንቱን ሙሉ ቤቱን በራስሽ ሥርዓት ስትመሪ ትቆያለሽ። መኝታ ሰዓት ይህ ነው፣ ስልክ ማየት ይህን ያህል ነው። እሱ ይመጣና ናፍቆቱን ሊወጣ ሁሉን ይፈቅዳል። ልጆቹ ያብዳሉ። አንቺ ክፉዋ ትሆኛለሽ። እሱ ደግሞ ለመጀመሪያው ቀን ጆሮው ውስጥ ሞተር ይጮኻል፤ መተኛት ብቻ ነው የሚፈልገው። አንቺ ግን በሩን ሲከፍት «በል ተረከበኝ» ለማለት ነው የጠበቅሽው። እዚህ ላይ ብዙ ቤት ይጋጫል። የሚረዳው ነገር አስቀድሞ መነጋገር ነው። የመጀመሪያዋ ቀን የእሱ እንቅልፍ ትሁን፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ መዋዕለ ሕፃናት ማድረስና ማምጣት፣ ምግብ፣ ልብስ የእሱ ይሁን። የቤቱን ሥርዓት ግን አይቀይር፤ እሱ በሌለበት እንዳቆየሽው ይቀጥል።

በሌላ በኩል አሁን ያለውን ኑሮ ደግሞ በታማኝነት እዪው። ሹፌሩ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ተነስቶ ይወጣል። ቀን ተቆራርጦ ማታ ሌላ ፈረቃ አለው። አንቺ ከሌሊት ተራ ስትመለሺ እሱ ወጥቷል። በሳምንት ስንት ጊዜ አራታችሁ አንድ ላይ ራት ትበላላችሁ? ያለፈውን ወር ቁጠሩት። ምናልባት «በየቀኑ ቤት ነው» ያልነው ሰው የሚያድር እንጂ የሚኖር ላይሆን ይችላል። ምናልባትም ቁጥሩ ጥሩ ይሆንና አውቶቡሱ ምን ያህል እንደጠቀማችሁ ለእሱም ይገለጥለታል። እኔ ከሩቅ ሆኜ አልገምትም።

አሁን እኔን በጣም የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። እሱም ከሥራው በፊት የሚመጡት የትምህርት ዓመታት ናቸው። ኮትካ ከሄልሲንኪ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ራውማና ቱርኩም የመርከብ ትምህርት ቤት አለ፤ እነሱ ይርቃሉ። ማሪየሃምን ከተማ ያለው ደግሞ የሚያስተምረው በስዊድንኛ ነው። ትምህርቱ በነፃ ነው። ግን በመካከል መርከብ ላይ የሚወጣበት የልምምድ ጊዜ አለው። ማለትም ገና ሳይቀጠር ከቤት መራቅ ይጀምራል፤ ያውም ደመወዙ ቆሞ። ድሮ ለሠራተኛ ተማሪዎች ይሰጥ የነበረው የአዋቂዎች ትምህርት ድጎማ እ.ኤ.አ. በ2024 ለአዲስ አመልካች ቀርቷል። ጓደኛ «እኔ በዚያ ተምሬያለሁ» ቢለው ዛሬ አይሠራም። ስለዚህ ሥራውን በመስከረም ይለቃል የሚለውን ዕቅድ እኔ አልደግፈውም።

ባይለቅስ? የፊንላንድ ሕግ ለአንድ አሠሪ ቢያንስ አንድ ዓመት በዋና ሥራነት ለሠራ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ እስከ ሁለት ዓመት የትምህርት ፈቃድ ይሰጠዋል። ደመወዝ የለውም፤ ወንበሩ ግን ይጠብቀዋል። ባሕሩ ካልሆነለት ወደ አውቶቡሱ ይመለሳል። ይህ ብቻውን ግማሽ ጭንቀትሽን ያቀልልሻል ብዬ አስባለሁ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ተማሪ የግል የጥናት ዕቅድ ያወጣል። የአዳማው ጋራዥ ልምዱ ሊታሰብለት ይችላል፤ ያለው ማስረጃ ሁሉ ተተርጉሞ ይቅረብ። ደመወዝ እየተከፈለ የሚማሩበት የሥራ ላይ ውል ሊገኝ ይችል እንደሆነም ይጠይቅ።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን የመርከበኛ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ዓይኑ፣ ጆሮው፣ ቀለም መለየቱ ይታያል። ሕልሙን ዓመት ሙሉ አዝሎ፣ ሥራ ለቆ፣ በመጨረሻ ምርመራ ላይ የወደቀ ሰው አለ። ካለፈ ቀጥሎ የመሠረታዊ ደኅንነት ሥልጠናውን ይውሰድ። ሜሪቱርቫ የሚባለው ማሠልጠኛ ከሄልሲንኪ ብዙ አይርቅም። እሳት ማጥፋት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ በመከላከያ ልብስ ውኃ ውስጥ መቆየት የሚለማመዱበት ነው። ባሕር የሚያየው ከመርከብ መስኮት ብቻ የነበረ ሰው እዚያ ራሱን ያውቃል። ከዚያም በሰመር የመንገደኛ መርከቦቹ ብዙ ጊዜያዊ ሠራተኛ ይቀጥራሉ። ዓመት ፈቃዱን ተጠቅሞ ጽዳትም ይሁን ኩሽና ገብቶ አንድ ሁለት ተራ ይሥራ። ብቻውን በካቢን ማደሩን፣ በጾም ወራት የሚበላውን ፍለጋ መንከራተቱን፣ አማርኛ ሳይሰማ መክረሙን ይቅመሰው። አንቺም እዚህ ያለውን ቅመሺው። ከዚያ በኋላ የምትነጋገሩት ባያችሁት ነገር ላይ ይሆናል።

የሌሊት ተራሽን ጉዳይ አሁኑኑ ጀምሪው። የምትኖሩበት ከተማ በሌሊትና በእረፍት ቀን የሚሠራ የፈረቃ መዋዕለ ሕፃናት አለው ወይ? ለፈረቃ ሠራተኛ ወላጆች የተዘጋጁ አሉ፤ ጠይቂ። ትልቁ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ሁኔታው ይለወጣል፤ እሱንም አብረሽ ጠይቂ። ትንሿን ለክትትል የምትወስጂበት የሕፃናት ጤና ጣቢያ ለልጆች ቤተሰብ ስለሚሰጠው የቤት ውስጥ ዕርዳታ ይነግርሻል። አለቃሽንም ተራ ዝርዝሩ ከባልሽ ተራ ጋር ሊገጥም ይችል እንደሆነ አናግሪያት። እሱ በሌለባቸው ሳምንታት የቀን፣ ሲኖር የሌሊት። ይህ ካልተቻለ መርከቡ ምንም ያህል ቢያምር ለጊዜው አይሆንም። ይህንንም ያለ ይሉኝታ ንገሪው።

ወሬው? ያወራሉ። «ተፋቱ» ይላሉ፣ ከዚያ ባልሽ የእረፍት ሳምንቱ ላይ ከልጆቹ ጋር ሲመጣ «ታረቁ» ይላሉ። አንዲት የምታምኛት ሴት ብቻ እውነቱን ትወቅ። ታሞብሽ ሌሊት ልጅ ይዘሽ ብትሮጪ ሌላውን ልጅ የምትጠብቅልሽ እሷ ናት። ከመቶ ሰው አስተያየት እሷ ትበልጥብሻለች።

የቀረው የአንቺ ነርስነት ነው። በደብዳቤሽ ውስጥ በጎን በኩል ብቻ ነው ያለፍሽው፤ ቤት ውስጥም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። እሱ «ልማር» ሲል ጉባኤ ተቀመጠ፤ አንቺ ግን ያንቺን ዝም ብለሽ አጠፍሽው። አሁን ጠረጴዛው ላይ አውጪው። የእሱ ትምህርት ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ የነርስነት ዲግሪ ሦስት ዓመት ተኩል ነው። አንዳንድ ኮሌጆች ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች ግማሹ በርቀት የሆነ ትምህርት አላቸው። አንድ ለአንድ የሚሠራ ባል ደግሞ ግማሹን ዓመት ሙሉ ቀን ቤት ነው፤ አንቺ ፈተናሽን የምታጠኚው፣ ሆስፒታል ልምምድ የምትወጪው ያኔ ሊሆን ይችላል። በዚህ ቅዳሜ ልጆቹ ሲተኙ ሁለታችሁ ተቀመጡና ሁለቱንም ትምህርት አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጡ፤ የማን መቼ እንደሚጀምር፣ ያኔ የቤቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ። የአንቺ የመጀመሪያ ዓመት ቁርጥ ያለ ቀን ሳይኖረው እሱ የትምህርት ፈቃዱን ማመልከቻ አያስገባ።